የመሪጌታ ወልደ ሰንበት ትከሻ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት በየማለዳው ጥምጣማቸውን የሚጠመጥሙት በጉልበታቸው ላይ ነበር። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው ቀኝ ጉልበታቸውን አጥፈው ያቆማሉ፤ የሻሹን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ይይዛሉ፤ ሌላውን በጉልበታቸው ዙሪያ ቀስ እያሉ ይመልሱታል። ሻሹ ሲያልቅ ጫፉን ይወትፉና፣ ጥምጣሙን እጃቸው ከደረታቸው ሳያልፍ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸውን ወደ ውስጡ ያስገባሉ። ቀና ሲሉ አንዳንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው፣ በጭቃው ምርጊት ገፋ ገፋ እያደረጉ ያቃኑታል። ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ በእሳቸው ቁመት ልክ ለስልሶ ነጥቶ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መካነ ኢየሱስ አማርኛ እንዳስተምር ተልኬ ነበር። ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኘው በጓሳ ሜዳ ሚካኤል ድጓም ቅኔም የሚያውቁ መሪጌታ አሉ ሲሉኝ፣ ወደዚያ ከምትመለስ አንዲት ገበያተኛ ጋር ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ለመግባትም ለመመለስም አፍሬ ሳለሁ ነው ሻሹን ሲጠመጥሙ ያየኋቸው። ቀና ሲሉ አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ግቢ እንጂ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቅኔ... ቅኔ ለመማር ነው፣ መሪጌታ።»

«ከአዲስ አበባ ድረስ? እዚያ አለቀ እንዴ?»

ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። «ግቢ ልጄ፣ እሱን አትስሚው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ድንጋይ ነው፤ ከሰው ጋር መነጋገር ረስቷል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ሄጄ እሑድ የምመለስ ሆንኩ። ቅኔውን ትንሽ ተማርኩ። የቀረውን ጊዜ ያጠፋሁት ስለ ድንጋዩ በመስማት ነው። በመጨረሻ ደፍሬ፣ ታሪካቸውን ልጽፍ እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ «ምን ይጻፋል?» አሉ። «ከበሮ መታ፣ ትከሻው ተበላሸ፣ አለቀ። ከአንድ ገጽ አያልፍም።»

የተወለዱት ሲማዳ ነው፤ ከወገዳ ወዲያ። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው ዘጠኝ ዓመት ድጓ ተማሩ። ድምፃቸው መልካም፣ ሰውነታቸው ግን ትንሽ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው በአንድ የገጠር ደብር ንግሥ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር በእንግድነት ማኅሌት ቆሙ። ጠዋት ወረቡ ሲደርስ ከበሮውን እሳቸውን አስነገቷቸው። ከአንድ ወጥ ግንድ የተፈለፈለ፣ በበሬ ቆዳ የተለበደ ትልቅ ከበሮ ነው። ማንገቻው አንገታቸውን ቆረጣቸው። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ እጃቸው እየዘገየ መጣ፤ ምቱ ከዜማው ኋላ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ኧረ አውርዱለት! ከበሮው ልጁን ሊመታው ነው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ከበሮውን ከአንገታቸው ያወረደላቸው አብሯቸው የተማረው ትከሻ ሰፊው ኃይለ ሚካኤል ነው። አውርዶም፣ እሱው አንግቶ አንዲት ምት ሳያጓድል ጨረሰው።

«ክፉ ሰው አልነበረም» አሉኝ መሪጌታ። «ሲያወርድልኝ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር በእኔ ይመስለኝ ነበር።»

ሁለቱም ትምህርታቸውን ጨርሰው ጓሳ ሜዳ ገቡ። ወልደ ሰንበት መሪጌታ፣ ኃይለ ሚካኤል ግራጌታ ሆኑ፤ አንዱ ማኅሌቱን፣ አንዱ የግራውን ረድፍ ይመራል። መሪጌታ ማንጠግቦሽን አገቡ። ከሠርጉ በሁለተኛው ሳምንት ሙሽራይቱ ገብስ ሊፈጩ ቢነሱ መጁ፣ ያ እህል የሚፈጩበት የእጅ ድንጋይ፣ ከወፍጮው ላይ የለም። ከጎተራው ሥር ፈለጉ፤ ከአመዱ ውስጥ ፈለጉ። ከቤቱ ጀርባ ሲዞሩ ባላቸውን አገኟቸው። መጁን በጠፍር አስረው በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ እያወናጨፉ አየር ይመታሉ።

«አበድክ?»

«ዝም በይ፤ ዓራራይ ላይ ነኝ።»

«ዓራራዩን ተወውና መጄን አምጣ! ዛሬ ምን ልትበላ ነው፣ ዜማ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ሲያወሩልኝ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «በማግሥቱ ከወንዝ ሌላ ድንጋይ አመጣሁለት፤ መርጬ፣ ክብ፣ አንገት የማይቆርጥ። መጄን ለማዳን ነበር እኮ። ምነው ባላመጣሁለት።»

ከዚያ ወዲያ መሪጌታ አላረፉም። ዶሮ ሲጮህ ይነሱና ድንጋዩን በአንገታቸው ያጠልቃሉ። በመቋሚያቸው ራስ ላይ ደግሞ ጠጠር የሞላ ስልቻ አስረው ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። የሚቆጥሩት በድጓው ነው፤ አንዱ ምዕራፍ በቀኝ፣ ቀጣዩ በግራ። ምዕራፍ ሳይጨርሱ ማውረድ የለም። በጾምም፣ በእርሻ ወራትም፣ ገበያ ሲወርዱም እንዲሁ ነው። ጎረቤታቸው አቶ ደምሌ፣ «ወገዳ ገበያ አብረን ስንሄድ እኔ ነበርኩ የማፍረው» አሉኝ። «አህያዬ ጭነት ተጭና፣ መሪጌታ ድንጋይ ተጭነው፣ እኔ ባዶዬን! መንገደኛው የቱ ነው ሰነፉ ሲል የሚያየው እኔን ነው።»

ልምምዱ ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። በዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ከበሮውን አነገቱ፤ ጸሐይ ወጥታ እስክትሞቅ አላወረዱም። ድንጋዩን የለመደ ትከሻ ከበሮውን እንደ ነጠላ ቆጠረው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ በጓሳ ሜዳ ከበሮውን ሌላ ሰው በበዓሉ ቀን አልነካውም። ከእስቴም ከሲማዳም ሰው እየመጣ ያያቸው ነበር። በቃኝ ማለት የነበረባቸው ያኔ ነው። ትከሻቸው ጠንክሯል፤ ስማቸው ተነሥቷል። እሳቸው ግን በአንድ ድንጋይ ፈንታ ሁለት አደረጉት።

«ለምን ነበር?» አልኳቸው።

«ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣማ» አሉ። «ድንጋዩን ያወረድኩ ቀን ትከሻዬ ተመልሶ የዚያ ልጅ ትከሻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።»

ሕመሙ የጀመረው በቀኙ ነው። እጃቸውን ሲያነሱ እንደ ደረቀ የባቄላ ቅርፊት ቋ ይላል። ከዚያ ማንሳቱ ራሱ እንደ ቢላዋ ይወጋቸው ጀመር። ወጌሻ መጣ፤ ዳሰሰ፤ አጥንቱ አልወለቀም፣ ጅማቱ ነው ያለቀው አለ። ሦስት ወር ምንም እንዳያነሱ አዘዛቸው። መሪጌታ እስከ ቀጣዩ እሑድ ተቀመጡ። ሰኞ እጃቸው ይበልጥ ደርቆ አገኙትና፣ ያመመኝ ስላረፍኩ ነው አሉ። ልምምዱን ጨመሩ። ቀኙ እንቢ ሲል በግራ አበረቱ፤ በዓመቱ ግራውም እንደ ቀኙ ሆነ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ አሰለፈች። ማታ ማታ ትከሻቸውን በቅቤ የምታሽላቸው እሷ ናት። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እስክትዳር ድረስ አሸች። እናቷ ሲያሹ ያማቸዋል፤ የአሰለፈች እጅ ግን የት እንደሚያም ያውቃል። አንድ ቀን አባቷ ጥምጣማቸውን ከራሳቸው ማድረስ አቅቷቸው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። ሻሹን ከእጃቸው ወሰደችና ጉልበታቸው ላይ ጠመጠመችው። «እንዲህ አድርገው ያጥልቁት» አለች። ዘዴውን ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት መሪጌታ ሕመማቸውን ደብቀው ኖሩ። ማኅሌት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይደበቃል ብዬ ጠየቅኋቸው። የከበሮውን ማንገቻ አሳጥረው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ ደረታቸው ላይ እንዲውል ያደርጋሉ፤ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ከክርናቸው ወዲህ ባለው ብቻ ይመታሉ። ማንገቻው ትከሻቸውን ሲጫናቸው ላብና እንባ አብሮ ይወርዳል። ምእመናኑ፣ «ተመልከቱ፣ የመልአኩ ፍቅር እንዴት እንደሚያስለቅሳቸው» ይባባሉ ነበር። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ሕመሙን ቢናገሩ ከበሮው ወደ ግራጌታ ኃይለ ሚካኤል ይሄዳል። ያንን አንዴ አይተውታል፤ ሁለተኛ ማየት አልፈለጉም።

አሰለፈች ሲማዳ ተድራ ነበር። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ጥቅምት የበኩር ልጇን ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ምጡ የያዛት ኅዳር ስምንት ቀን ነው፤ ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው። ቀኑን ዋለችበት፤ አደረችበት። በማግሥቱ ማለዳ አዋላጇ እጃቸውን ታጥበው ወጡና፣ «ከእኔ አቅም በላይ ነው። መካነ ኢየሱስ ሐኪም ዘንድ አድርሷት፤ አሁኑኑ» አሉ።

ጎረምሳው ሁሉ ለጤፍ አጨዳ ቆላ ወርዷል። ቃሬዛው ሲታሰር በግቢው የተገኙት ወንዶች አቶ ደምሌ፣ ወንድማቸው ተክለሃይማኖትና ግራጌታ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ቃሬዛ ደግሞ አራት ትከሻ ይፈልጋል።

አቶ ደምሌ የሆነውን ቃል በቃል ያስታውሱታል።

«አንድ ሰው ጎደለን» አልኩ ይላሉ። «ከላይ ሰፈር የአክስቴ ልጅ ይሁኔ አለ፤ ሮጬ ላምጣው፤ ጸሐይዋ ሳትሞቅ እመለሳለሁ።»

መሪጌታ ተቆጡ። «ምን ጎደላችሁ? እኔን ምን አደረጋችሁኝ? አባቷ እኔ አይደለሁም?»

«መሪጌታ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እስከዚያ ውኃ እንኳ ቅመሱ...»

«ሃያ አምስት ዓመት ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ልጁን መሸከም ያቅተዋል? አንሱ!»

አቶ ደምሌ ግራጌታን አዩ። ግራጌታ መሪጌታን አዩ፤ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው እንደነበር አቶ ደምሌ ይምላሉ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው የኋላውን እጀታ ያዙ። አራቱ ተነሡ። መሪጌታ በፊት በግራ በኩል ናቸው። እትዬ ማንጠግቦሽና አዋላጇ የአራስ ጨርቁንና ስንቁን ይዘው ከኋላ ተከተሉ፤ ጉልበታቸው ስላልቻለ ግን ወዲያው ራቁ።

ሜዳውን ጥሩ ሄዱት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ክብደቱ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ በኋላ የሚቆሙበት ጊዜ እየበዛ፣ የሚሄዱበት እያጠረ ሄደ። አቶ ደምሌ፣ «መሪጌታ፣ ወደ ኋላ ልዙርልዎ? እንለዋወጥ?» ሲሉ፣ «ገና ነኝ» ይላሉ። ቦታ ተለዋወጡ፤ ትከሻ ቀየሩ፤ ለውጥ የለም። መሪጌታ እጀታውን በእጃቸው መደገፍ ስላልቻሉ፣ እንጨቱ ወደ አንገታቸው ይንሸራተትና ቃሬዛው ያጋድላል። በእያንዳንዱ ማጋደል አሰለፈች ጥርሷን ታፋጫለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሚካኤል ድረስ» ስትል ሰሙ።

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ እኩለ ቀን ሆነ። ጤነኛ አራት ሰው በዚያ ሰዓት ከተማ ገብቶ ነበር። ዳገቱን ወጥተው እስኪጨርሱ ጸሐይዋ አዘቀዘቀች። ከአፋፉ ላይ የመካነ ኢየሱስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ። ተክለሃይማኖት፣ «አሰለፈች፣ አይዞሽ፣ ደረስን እኮ፤ ያውልሽ» አላት። አልመለሰችም። ቃሬዛውን አወረዱ። ግራጌታ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩና መስቀላቸውን አወጡ።

ሕፃኑም ከእሷ ጋር ቀረ።

ሐኪም የሚያየው ነገር አልነበረም። ከከተማው የሰሙ ጎረምሶች መጥተው ሬሳውን ተቀበሉ፤ በዚያው ቃሬዛ፣ በዚያው መንገድ መለሱት። መሪጌታ ከኋላ እየተከተሉ ነበር። «አንዴም አላሳረፉም» አሉኝ። «እንደ ላባ ይዘዋት ሄዱ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ወንዙን ሲሻገሩ፣ እኔ የቆምኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሲያልፏቸው አየሁ። እዚህ ቆሜያለሁ፤ እዚህም ቆሜያለሁ፤ እያልኩ ሄድኩ።»

በሦስተኛው ቀን ኅዳር ሚካኤል ሆነ። ኀዘንተኛ ናቸውና ማንም አልጠበቃቸውም ነበር። መጥተው በቦታቸው ቆሙ። ወረቡ ሲደርስ ግራጌታ ኃይለ ሚካኤል ከበሮውን አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡ። የእሳቸው ነውና ሌላ ማድረግ አልሆነላቸውም።

መሪጌታ ከበሮውን አልነኩም። «ካህናት» አሉ፤ ድምፃቸው በመላው ቅኔ ማኅሌት ተሰማ። «ትከሻዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ዋሽቻችኋለሁ። ከበሮው እንዳይወሰድብኝ ብዬ ዋሸሁ። በዚህ ውሸቴ ልጄን ገደልኳት።»

ከዚያ ግራጌታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት መባል የነበረበትን አሉ።

«እናውቃለን፣ ወልደ ሰንበት።»

«ምኑን?»

«ትከሻህን። ከአምናው በፊት ጀምሮ እናውቃለን። ሁላችንም እናውቃለን። ክንድህን ከጎንህ ስታጣብቅ እያየንህ አይደል?»

«ታዲያ... ያን ቀን ጠዋት... አንተ ቆመህ አልነበረም ወይ?»

«ቆሜ ነበር» አሉ ግራጌታ። «ልናገር ነበር። ተቀናቃኙ በሕዝብ ፊት አዋረደው እንዳይባል... በልጅነታችን ከበሮውን ከአንገትህ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዴት ላውርድህ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

ግራጌታን ስለዚህ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር። ትልቅ፣ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ናቸው። «እሱ አፈረ፤ እኛም አፈርንለት» አሉ። «ሁላችንም በጨዋ ደንብ ዝም አልን፤ ልጅቷ ግን መሀል ላይ ነበረች።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሮውን የሚመቱት እሳቸው ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ኅዳር ሚካኤል ግን ከማንገታቸው በፊት መጥተው የመሪጌታን ቀኝ ትከሻ ይሳለማሉ።

ከዚያ በኋላ መሪጌታ የኖሩት አሥር ዓመት ያህል ነው። ጎናቸው ላይ መተኛት ስለማይችሉ ግድግዳ ተደግፈው ይተኛሉ። ሲያማትቡ እጃቸው ግንባራቸው አይደርስምና ግንባራቸውን ወደ ጣታቸው ያወርዳሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ነጠላቸውን የሚያለብሷቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያ የሚቀባ መድኃኒት አምጥቼላቸው፣ አመስግነው ተቀበሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳልተከፈተ አየሁት። እንዳየሁት አዩ።

«አትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። «ማታ ማታ ሲያመኝ የማን እጅ ያሸኝ እንደነበር አስባለሁ። መድኃኒትሽ ሠርቶ ሕመሙ ቢተወኝ፣ እሷን በምን አስታውሳታለሁ?»

ዩኒቨርሲቲ ስለ ኀዘን ግጥም ብዙ አስተምሮኛል፤ ለዚያች ጥያቄ የሚሆን አንድ ስንኝ ግን አላገኘሁም። ሻሻቸውን አጠብኩላቸውና አሰጣሁት።

እትዬ ማንጠግቦሽ በ፲፱፻፷፫ ክረምት አረፉ። የአገልግሎት ዓመቴ ቢያልቅም ለለቅሶ ተመለስኩ። መሪጌታ በተሰበሰበው ሰው መሀል ትንሽ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲበታተን ወደ ግቢው ጥግ ጠሩኝና፣ ስለ አሰለፈች ያልነገሩኝን አንድ ነገር ነገሩኝ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ሊያወጡት አልቻሉም ነበር፤ ከኋላ ርቀው ስለነበር አላዩትም። ነግረውኝ ሲጨርሱ፣ «የቀረውን ሁሉ ጻፊው። መዋሸቴን አጉልተሽ ጻፊው። ይህን ግን ተዪው» አሉ። እሺ አልኳቸው።

ከዚያ በስድስተኛው ወር፣ በጾም ወራት፣ ግድግዳውን እንደተደገፉ አረፉ።

እሺ ያልኩትን አልጠበቅኩም። ያ ነገር ከቀረ፣ ከአሰለፈች ለአንባቢ የሚተርፈው ተሸክመዋት መሞቷ ብቻ ይሆናል፤ እሷ ግን እስከ አፋፉ በሸክም ብቻ አልሄደችም፤ ቃሬዛው ላይ መልሰው ያስተኟት ከዳገቱ አጋማሽ ነው።

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ቃሬዛውን አውርደው ነበር። መሪጌታ ተንበርክከዋል፤ ትንፋሻቸው አልመለስ ብሏል። አሰለፈች ከቃሬዛው ላይ እጇን ዘርግታ እጅጌያቸውን ያዘችና በእሱ ተደግፋ ተነሣች።

«ልውረድ» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «መራመድ ምጥ ያፋጥናል ይላሉ። ይቺን ዳገት በእግሬ ልውጣት።»

ከዚያ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ ትከሻዎን ያሳርፉት። ማንም አላወቀም።»

ሦስቱ ወንዶች መሪጌታን አዩ፤ አባቷ ናቸውና የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያማጠች ልጅ ያን ዳገት በእግሯ መውጣት እንደማይገባት መሪጌታ ያውቃሉ። ለማን ብላ እንደወረደችም ያውቃሉ።

«ትራመድ» አሏቸው።